ማክሰኞ ጠፋ፣ ረቡዕ ተረፈ

ጥያቄው በስልክ ነው የመጣው። ትንንሽ የሙዚቃ ምሽቶችን የሚያሰናዳ ወዳጄ ነው። «ስልሳ ሰው የምትይዝ ቤት አግኝቻለሁ። ልጅቷ ጃዝ ነው የምትዘፍነው። ላይቭ ልንቀዳ ነው። አንድ ምሽት ይበቃናል ወይስ ሁለት እንያዝ?» አለኝ። ገንዘብ የለውም። ልጅቷም የላትም። የሁለተኛው ምሽት ኪራይ ከየት እንደሚመጣ ሁለቱም አያውቁትም።

እኔ ዕድሜዬን ከድምፅ ማደባለቂያው፣ ከሚክሰር ጀርባ ቆሜ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መልሱን በአንድ ቃል መንገር እችል ነበር። ግን ወዲያው አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። «ቆይ፣ ጽፌ ልላክልህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መጻፍ ስጀምር ረዘመብኝ። ለእሱ ብቻ ከሚቀር እናንተም አንብቡት።

ታሪኩ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የኢቫ ካሲዲ ነው። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጅታውን ውስጥ ያለው ብሉዝ አሊ የተባለው የጃዝ ክለብ። ጊዜው ጃንዋሪ 2 እና 3 ቀን 1996። በእኛ ታኅሣሥ 23 እና 24 ቀን 1988 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

ሁለት ምሽት ነበር የተያዘው። የቀረልን አንዱ ነው።

ክፍሏ

«አሊ» ማለት የጓሮ መተላለፊያ ነው፤ ክለቡም ያለው እዚያው ነው። ከዊስኮንሲን ጎዳና ታጥፋችሁ፣ የዕቃ ማራገፊያ በምትመስል ቀጭን መንገድ ትገባላችሁ። ቀይ የጡብ ቤት ታገኛላችሁ፤ በድሮ ዘመን የሠረገላ ማቆሚያ የነበረ። ክለቡ የተከፈተው በ1965 ነው። የሚይዘው 125 ሰው ገደማ ነው። ጠረጴዛዎቹ እስከ መድረኩ ሥር ተጠጋግተዋል። እራታችሁን እየበላችሁ ነው የምትሰሙት። ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊለስፒ እዚያ ተጫውቷል። ሌላው ትራምፔት ነፊ ዊንተን ማርሳሊስም በ1986 ላይቭ አልበም ቀድቶበታል። ጆርጅታውንን ብዙ የእኛ ሰው በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ ነው የሚያውቃት፤ በዚያች መተላለፊያ አፍ ላይ ደንበኛ አውርዶ የሄደ ሹፌር ጥቂት አይሆንም።

መጠኑን ለማወቅ አዝማሪ ቤትን አስቡ። የዘፋኙ ትንፋሽ ይሰማችኋል። ብርጭቆ ስታስቀምጡ ደግሞ እሱ ይሰማችኋል። ልዩነቱ፣ አዝማሪው ዓይናችሁን አይቶ፣ ስማችሁን ጠይቆ፣ በእናንተው ላይ ግጥም ይደረድራል። ኢቫ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትዘፍነው። ዓይነ አፋር ነበረች። በዘፈን መሀል ወሬ አታበዛም። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ ዘፋኝ ብቻውን ይቀራል። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተሰብሳቢው ሹክሹክታውን ትቶ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል።

ትንሽ ቤት መቅዳት ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ድራሙ የሚደርሳችሁ በስፒከር ነው፤ ሲበዛ እቀንሰዋለሁ። ትንሽ ቤት ውስጥ ራሱ ድራሙ ነው ደረታችሁን የሚመታው። ምንም ላደርገው አልችልም። እጁን መያዝ የማያውቅ ድራመር ከገባ ዘፋኟ አለቀላት። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ማይክ ሁሉንም ይሰማል። ድራሙ በዘፋኟ ማይክ ውስጥ አለ። ፒያኖው በጊታሩ ማይክ ውስጥ አለ። ስቱዲዮ ቢሆን የተሳሳተችውን አንድ ስንኝ ለብቻዋ መልሶ መቅዳት ይቻላል። እዚህ ግን አንዱን ስትቆርጡ የሌላውም ሥጋ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ያ ምሽት ወይ እንዳለ ይወሰዳል፣ ወይ እንዳለ ይጣላል።

«ምን ዓይነት ዘፋኝ ነሽ?»

ኢቫ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1963 ዋሽንግተን ውስጥ ነው። ያደገችው ከከተማዋ ጥግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አባቷ ጊታር አስተማሯት። ካደገች በኋላ እንጀራዋ ሙዚቃ አልነበረም። የተክል ችግኝ የሚሸጥበት ትልቅ ግቢ ውስጥ ትሠራ ነበር። አፈር ስትዝቅ ትውልና ማታ ትዘፍናለች።

በ1986 የአንድ ጓደኛዋን ባንድ በድምፅ ልታግዝ ስቱዲዮ ገባች። ቀጂው ክሪስ ቢዮንዶ ይባላል፤ ቤዝ ጊታርም ይጫወታል። የሰማውን አልረሳውም። ሥራ ያገኝላት ጀመር፤ ለሌሎች ዘፋኞች ከኋላ የሚዘፍን ድምፅ ሲፈለግ እሷን ይጠራታል። ጎ-ጎ የሚባለውን የዋሽንግተን የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድም፣ ራፐርም ሳይቀር በእሷ ድምፅ ታጅቧል። በ1990 የራሷን ባንድ አቋቋሙ። ቢዮንዶ በቤዝ፣ ሌኒ ዊሊያምስ በፒያኖ፣ ኪት ግራይምስ በጊታር፣ ሬይስ ማክላውድ በድራም።

ከዚያ ቢዮንዶ ድምፅዋን ለቸክ ብራውን አሰማው። ቸክ ብራውን ማለት ዋሽንግተን ውስጥ የጎ-ጎ አባት ነው። ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ በእሱ ምት ሲወዛወዝ ያድር ነበር። ከዚህች ዓይነ አፋር ልጅ ጋር ተቀምጦ የድሮ የጃዝ ዘፈኖችን ዘፈነ። አልበማቸው በ1992 ወጣ። በ1993 የከተማዋ የሙዚቃ ማኅበር በጃዝና በቀደምት ዜማ ዘርፍ ሸለማት። እንግዲህ በወረቀት የጃዝ ዘፋኝ ናት።

ችግሩ ያለው «በወረቀት» የሚለው ላይ ነው።

የሙዚቃ ኩባንያዎች መጡ። ማናጀሯ አል ዴል ሲደራደር ከረመ። ሁሉም ድምፅዋን ወደዱት። ሁሉም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ምን ዓይነት ዘፋኝ ነሽ? ጃዝ ከሆነ ጃዝ። ፎልክ ከሆነ ፎልክ። ብሉዝ፣ ሶል፣ ጎስፔል፣ አንዱን ምረጪ። ሲዲው የሱቁ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ማወቅ ፈልገው ነው። እሷ አልመርጥም አለች። ድርድሩ ፈረሰ።

እኔ በእነሱ አልፈርድም፤ ነጋዴ ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ አለበት። ግን እኛ ዘንድ አንዲት ዘፋኝ በአንድ ምሽት ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ብትሻገር ማንም «አንዱን ምረጪ» አይላትም። ባትሻገር ነው የምትታማው። ኢቫ ያቺን ዓይነት ዘፋኝ ነበረች፤ የተወለደችበት ገበያ ሌላ ሆነ እንጂ።

ኩባንያ ከሌለ ምን ይደረጋል? ራስህ ታወጣዋለህ። ለምን ላይቭ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የስቱዲዮ ሥራ ወራት ይፈጃል፣ ክለብ ሁለት ማታ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት እኔ ነኝ የምለው። ክለብ ውስጥ መደርደሪያ የለም። ለእራት የተቀመጠ ሰው ጃዝ ሰምቶ ቀጥሎ ጎስፔል ቢመጣለት «ይህ የየትኛው ክፍል ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ኩባንያዎቹን ያስቸገረው ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ችግር አልነበረም።

ገንዘቡስ? ኢቫ ከችግኝ ሥራዋ የተጠራቀመች አነስተኛ የጡረታ ገንዘብ ነበረቻት። አወጣቻት። ዕድሜዋ ገና 32 ነው።

የተያዙት ቀኖች

ጃንዋሪ 2 ማክሰኞ ነው፤ 3 ረቡዕ። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ማግስት ማለት ነው። ቤት ማከራየት የሚያውቅ ሰው ይስቃል። ከዓመቱ ሁሉ ሰው ኪሱ ባዶ፣ ሆዱ ሙሉ የሆነበት ሳምንት ነው። በዚያ ላይ ዋሽንግተን ውስጥ መንግሥት ተዘግቷል። ፕሬዚዳንት ክሊንተንና ኮንግረሱ በበጀት ተጣልተው፣ ከዲሴምበር 16 ጀምሮ እጅግ ብዙ የፌዴራል ሠራተኛ ቤቱ ውሏል። ከተማዋ የምትኖረው በእነሱ ደመወዝ ነው። እንዲህ ባለ ሳምንት ኮንሰርት የሚያደርግ ሰው ምክር የሚሰማ አይደለም ትላላችሁ።

ግን ደግሞ ይህን ስሙ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያ ትልቁ የበረዶ ማዕበል ጀመረ። እስከ ሰኞ ወረደ። አውሮፕላን ማረፊያው ዘንድ የተለካው ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ነበር። ያን ጊዜ ዋሽንግተን የነበረ አበሻ አይረሳውም፤ እሑዱ ገና ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1988 ገና፣ ከነበረዶው። ኮንሰርቱ በሳምንት ዘግይቶ ቢያዝ ኖሮ ወደዚያች ጓሮ የሚገባ መኪና ቀርቶ እግረኛም አይኖርም ነበር። መጥፎ የተባለው ሳምንት መልሶ ጥሩ ሆነ ማለት ነው። ይህን ማንም አላቀደውም። ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ዕድል ይወቀው።

ማክሰኞ

ማክሰኞ ባንዱ ተጫወተ። ኢቫ ዘፈነች። መቅጃው ተከፍቶ ነበር። በኋላ ሲታይ ቅጂው በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት የማይረባ ሆነ።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ማክሰኞ ጠፋ።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስለ ራሴ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ላውንጅ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና አንዲት ዘፋኝ እየቀዳሁ ነበር። ምሽቱ ሞቅ ብሏል። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ዘፋኟ አላቆመችም። በጨለማ፣ ያለ ማይክ ቀጠለች። ሰዉ በስልኩ መብራት አበራላት። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ስፒከሩ ተመለሰ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። መቅጃው ግን ኤሌክትሪኩ ሲመለስ አብሮ አልተነሣም። ቁልፉን እንደገና መጫን ነበረብኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ቀይዋ መብራት ጠፍታ እኔ ከአጠገቧ ቆሜ ነበር። የምሽቱ ምርጥ አርባ ደቂቃ ያ ነበር። ለልጅቷ የነገርኳት በሦስተኛው ቀን ነው። ዝም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የብሉዝ አሊን ማክሰኞ ሳነብ ሆዴ ይላወሳል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ እነሱ ረቡዕን ይዘው ነበር። እኔ አልያዝኩም።

ረቡዕ

አሁን ኢቫ ሆናችሁ አስቡት። ገንዘቡ ወጥቷል። ከሁለቱ አንዱ ምሽት ተቃጥሏል። ሌላ ቀን የለም። በዚያ ላይ ጉንፋን ይዟታል።

ዘፋኝ ጉንፋን ሲይዘው የሚሆነውን በቅርብ ያየ ያውቀዋል። ጉሮሮ ብቻ አይደለም፤ ጆሮም ይደፈናል። የራስህ ድምፅ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስልሃል። የምትዘፍነውና የምትሰማው አይገናኙም። ሰው እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ይጮኻል። ወይ ደግሞ ይቆጥባል፤ ድምፁን ይዞ፣ የሚፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ይለቀዋል። የረቡዕን ቅጂ ስሰማ የምሰማው ሁለተኛውን ነው።

ያን ምሽት የተዘፈነው ከ30 ዘፈን በላይ ነው። አልበሙ ውስጥ የገቡት 12 ናቸው። ዝርዝሩን ተመልከቱ። የፋትስ ዎለር የ1929 ዘፈን አለ። የኧርቪንግ በርሊን የ1935 ዘፈን አለ። የቢሊ ሆሊዴይ ብሉዝ አለ። የከርቲስ ሜይፊልድ የ1965 መንፈሳዊ ዜማ፣ የአል ግሪን የ1974 ሶል አለ። የስቲንግ «ፊልድስ ኦፍ ጎልድ» ደግሞ ገና በ1993 የወጣ፣ ለዚያ ቀን አዲስ የሚባል ዘፈን ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ በአንድ ምሽት። የኩባንያዎቹ ሰዎች «አንዱን ምረጪ» ሲሏት የነበረው ይህን ነው።

በሁለት ዘፈን ላይ ትንሽ ልቆይ።

የመክፈቻው የበርሊን ዘፈን ስዊንግ የሚባለው የሚያወዛውዝ ጃዝ ነው። ባንዱ ሙሉ ነው። ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ድራሙ ነው፤ የሙያ በሽታ። ማክላውድ ምቱን ይነዳል እንጂ አይጫናትም። ኢቫ ቃሎቹን ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ታስቀምጣቸዋለች። የሚቸኩል ሰው አይደለችም። ይህ ንጹሕ ጃዝ ነው። ሽልማቱን የሰጧት ሰዎች አልተሳሳቱም።

ሌላው «ኦተም ሊቭስ» ነው። መጀመሪያ የፈረንሳይኛ ዘፈን ነው፤ ዜማው የጆዜፍ ኮዝማ። የጃዝ ሰው ሁሉ ተጫውቶታል። ከመዘውተሩ የተነሣ ሰው የማይሰማው ዘፈን ሆኗል ማለት ይቻላል። ኢቫ ምቱን አወጣችበት። የራሷን ጊታር በጣቷ እየነካካች፣ በጣም በዝግታ ትጀምራለች። ድራም የለም። አንድ ስንኝ ብላ ትተነፍሳለች። ያን ትንፋሽ ትሰሙታላችሁ። ፒያኖው ሲገባ በር አንኳኩቶ እንደሚገባ እንግዳ ነው። በስንኝና በስንኝ መሀል ባለው ክፍተት ውስጥ ክፍሏ ራሷ ትሰማለች፤ ሰው የሞላበት ቤት ዝም ሲል የሚያወጣው ያ ድምፅ የሌለው ድምፅ። ስቱዲዮ ውስጥ ያን ማግኘት አይቻልም። ስቱዲዮ ባዶ ነው። ይህ ግን መቶ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ዝም ያለበት ዝምታ ነው።

ከተሰብሳቢው መሀል አንድ ጓደኛዋ የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ይዞ ነበር። ለማንም ብሎ አልነበረም። «ኦቨር ዘ ሬይንቦው»ን ስትዘፍን ቀረጻት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ይህችን ካሜራ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«አይውጣ»

ቅጂውን ስትሰማ ኢቫ አልወደደችውም። ድምፄ ጉንፋን አለበት አለች። አይውጣ።

ጉዳዩን እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ቦታ ነው። እስካሁን ሦስት በር ተዘግቷል። ኩባንያዎቹ ዘጉ። መቅጃው ዘጋ። አሁን ሦስተኛዋ እሷ ራሷ ናት።

ዘፋኝ ስለ ራሱ ቅጂ ሲናገር መስማት አለብን፤ ሥራው የእሱ ነው። ግን ዘፋኝ የሚሰማው ያሰበውንና ያልደረሰበትን ነው። እኛ ያሰበውን አናውቅም። የምንሰማው የሆነውን ብቻ ነው። ጉንፋኑን ጥሩ ኢርፎን አድርጌ፣ እያወቅሁ፣ ሆን ብዬ ፈልጌዋለሁ። አላገኘሁትም። እሷ ግን ከአንገቷ ውስጥ ሆና ታውቀው ነበር። ጉሮሮዋ የነገራትን ነው የሰማችው።

ባልደረቦቿ አሳመኗት። እዚህ ላይ ግን ታሪኩን ብዙ ሰው ሲያወራው አንዲት ነገር ይዘላል። ዝም ብላ እሺ አላለችም። ተደራደረች። አንደኛ፣ ከምትወዳቸው ዘፈኖች ሁሉ የምታስበልጠው የፎልክ ዘፋኙ የፒት ሲገር ዘፈን፣ በስቱዲዮ የተቀዳው፣ በአልበሙ ውስጥ ይግባ አለች። ሁለተኛ፣ ወዲያው የስቱዲዮ አልበም ሥራ እንጀምር አለች። ሁለቱም እሺ ተባለ። የረቡዕ 12 ዘፈኖች ላይ ያ አንዱ ተጨምሮ 13 ሆኑ። «ላይቭ አት ብሉዝ አሊ» ሜይ 1996 ወጣ። የከተማዋ ጋዜጦች አመሰገኑት። ሰውም ገዛው።

ለወዳጄ በደንብ አድርጌ የጻፍኩለት ይህን ነው። ልጅቷ «አይውጣ» ብትልህ፣ በማግስቱ አትጨቃጨቃት። ቅጂውንም አትደምስሰው። ሁለት ሳምንት ይለፍ፤ ጉሮሮዋ ይዳን፤ ከዚያ አንድ ላይ ስሙት። ያኔም እምቢ ካለች የምትፈልገውን ጠይቃት። ኢቫ የጠየቀችው አንድ ዘፈንና አንድ ቃል ኪዳን ነው። ርካሽ ነው።

ማንም ያላወቀው ሰዓት

በ1993 ከጀርባዋ ላይ ካንሰር ያለበት ማርያም የሳመችው ተነሥቶላት ነበር። አለቀ ተብሎ ተረሳ። በጁላይ 1996፣ አልበሙን በምታስተዋውቅበት ሰሞን፣ ዳሌዋን አመማት። መሰላል ላይ ወጥታ ግድግዳ ሥዕል ትሠራ ስለነበር የዚያ ድካም መሰላት። ምርመራው ሌላ ነገር ተናገረ። ካንሰሩ አጥንቷና ሳንባዋ ገብቷል።

በሴፕቴምበር፣ እዚያው ጆርጅታውን፣ ዘ ባዩ በተባለ ቤት ጓደኞቿ ዝግጅት አደረጉላት። ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣች። ኖቬምበር 2 ቀን 1996 አረፈች። 33 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ረቡዕ ማታ እስከዚህ ቀን ሲቆጠር አሥር ወር ሊሞላ አንድ ቀን ይቀረዋል።

ጉንፋኑ እስኪለቀኝ ይቆይና ሌላ ጊዜ ይቀዳ ቢባል ምን እንደሚሆን አስሉት። ለስቱዲዮው አልበም የቀዳቻቸው ዘፈኖች የወጡት ከሞተች በኋላ ነው፤ በ1997። ብቻዋን በራሷ ስም በሕይወቷ እያለች የወጣ አልበሟ ያ ያልወደደችው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ በብዙ ቦታ ተወርቷል። ግሬስ ግሪፊዝ የምትባል የዚያው ከተማ ዘፋኝ ቅጂዎቿን ካሊፎርኒያ ለነበረ ትንሽ ኩባንያ አደረሰች። «ሶንግበርድ» የሚለው ስብስብ በ1998 ወጣ፤ የብሉዝ አሊ ረቡዕ ዘፈኖችም አሉበት። ሁለት ዓመት ያህል ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። ከዚያ እንግሊዝ አገር ቢቢሲ ሬዲዮ 2 ላይ ቴሪ ዎጋን በጠዋት ፕሮግራሙ አሰማው። የመኪና መሪ የያዘው ሁሉ ጣቢያው ላይ ይደውል ጀመር።

ካሜራዋን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ2000 ገና አካባቢ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ያንን ጥቁርና ነጭ ምስል አሳየ። ደብዛዛ ነው። መብራቱ የክለብ መብራት ነው። አንዲት ልጅ ጊታር ይዛ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ፕሮግራሙ ካሳያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ተመልካች ደጋግሞ አምጡልን ያለው ያ ሆነ። በማርች 2001 «ሶንግበርድ» የእንግሊዝ አንደኛ አልበም ሆነ። ከሞተች ከአራት ዓመት በላይ ሆኗታል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ያ ዘፈን የ1996ቱ አልበም ውስጥ የለም። ከ13ቱ አልገባም። የተቀዳበትን ምሽት ለዓለም ያሳየው፣ ለአልበሙ ያልተመረጠ ዘፈንና ማንም ያላዘዘው የእጅ ካሜራ ነው። የረቡዕ ምሽት ሙሉው፣ ከ30 በላይ ዘፈን ሆኖ፣ የወጣው በ2015 ነው። ጉንፋን ያለበት ተብሎ ሊጣል የነበረው ምሽት፣ ከነቀሪው፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ ላክሁለት። ከሥር ጥቂት ነገር ጨመርኩ። ሁለት ምሽት ያዝ። ከሁለተኛው ምሽት ኪራይ ይልቅ የመድረኩን ጌጥ ቀንስ። መቅጃው በባትሪም የሚሠራ ይሁን፤ ካልሆነ ሁለት መቅጃ ይኑርህ። ቀይዋን መብራት የሚያይ፣ ሌላ ምንም ሥራ የሌለው አንድ ልጅ አስቀምጥ። ባትከፍለው እራቱን አብላው። ተሰብሳቢው ውስጥ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ካለ አትከልክለው፤ ብርሃኑን ያጥፋ በለው እንጂ።

ማታ ላይ ደወለልኝ። አንብቦታል። «ሁለት ምሽት ይዣለሁ» አለኝ። ከየት አመጣህ ብዬ አልጠየቅሁትም። «የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ማክሰኞና ረቡዕ ነበር ያለችኝ። ማክሰኞን እንኳ ተይው አልኳት። ረቡዕና ሐሙስ ነው።»